የጓሳው ሣርና የተማሪው ኪስ



ወሩ ረመዷን፣ ሌሊቱም ለቅዳሜ አጥቢያ ነበር፤ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር አሠራር ላይ በደረሰ ብልሽት የተነሣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ መልእክት ከግቢ ወደ ግቢ በረረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ጉዳዩ የሚመለከተው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ገለጠ። አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል። ነገሩም እንደማንኛውም ወሬ ጥቂት ሰነባብቶ ተረሳ።

መረሳት ግን አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ቁጥር ሁለት ዓይነት ትችት ይሰማል። አንደኛው ወገን «ልጆቻችን ምግባር አጡ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የገንዘብ አያያዝ ትምህርት ስላልተሰጣቸው ነው፤ በየኮሌጁ ይሰጥ» ይላል። ሁለቱም የእውነት ወገን አላቸው። ነገር ግን አንዱ ከሌላው ተለይቶ ሲነገር ሁለቱም ባዶ ይሆናሉ።

እስቲ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ባንክ ማለት ዞሮ ዞሮ ደብተር ነው። ማሽኑ ገንዘብ ሲሰጥ ማን፣ መቼ፣ ከየት፣ ስንት እንደወሰደ ይጽፋል። በዚያ ሌሊት የተበላሸው መከልከያው እንጂ መመዝገቢያው አልነበረም። ይህን የተረዳ ወጣት ከማሽኑ የሚወጣው ብር ሲሳይ ሳይሆን በገዛ ስሙ የተጻፈ ዕዳ መሆኑን ለመገንዘብ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። በዚህ ረገድ የዕውቀት ጉድለት ነበረ። ሙስሊሙ ወጣት ግን ለዚህ የባንክ ዕውቀት እንኳ አያሻውም ነበር፤ በቀኝና በግራው ሁለት መዝጋቢዎች እንዳሉ በልጅነቱ ቁርኣን ሲቀራ ተምሯል። ቀን ጾሞ ሌሊት ከተሰለፈ የጎደለው ሒሳብ ብቻ አይደለም። አማናን የሚያስተምረው ኡስታዝ ስለ ሒሳብ አያነሣም፤ ሒሳብን የሚያስተምረው መምህር ስለ አማና አያነሣም። ልጁም ሁለቱን በአንድ ሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም።

ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ገንዘብ ምን ያስተምራሉ? በ2012 ዓ.ም. እንደገና በተጀመረው የመጀመሪያ ዓመት ወይም የ«ፍሬሽማን» ትምህርት ውስጥ ከሎጂክና ከሥነ ልቦና፣ ከታሪክና ከጂኦግራፊ ጋር ሁለት ለኪስ ቀረብ ያሉ ኮርሶች አሉ፤ አንዱ የኢኮኖሚክስ መግቢያ፣ ሌላው ሥራ ፈጠራ (ኢንተርፕረነርሺፕ) ነው። ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሞጁሎቹን ተቀብላችሁ ብታገላብጧቸው መልካም ነው። በኢኮኖሚክሱ ሞጁል ስለ ፍላጎትና አቅርቦት፣ ስለ ሸማች ባሕርይ፣ ስለ ምርትና ወጪ፣ ስለ ገበያ ዓይነቶች ታገኛላችሁ። ሸማቹ ሁለት ዕቃ ብቻ ይገዛል፤ ስማቸውም ኤክስና ዋይ ነው። ገቢው የታወቀ ነው፤ የሚጠቅመውን ያውቃል፤ እርካታውንም እስከ መጨረሻው ነጥብ ያሰላል። ይህ ሸማች ግን ደውላ «ወንድምህ ታሟል» የምትለው እናት የለችውም። የዶርም ጓደኛው ሃምሳ ብር አይበደረውም። የእግር ኳስ ውርርድ ቤትም ከግቢው በር ፊት አልተከፈተበትም።

የሥራ ፈጠራው ሞጁል ደግሞ ተማሪውን ገና ሳይመረቅ የድርጅት ባለቤት ያደርገዋል። የንግድ ዕቅድ አዘገጃጀት፣ የካፒታል ምንጭ፣ የአእምሮ ንብረት መብት ይማራል። ሞጁሎቹን ያዘጋጁት መምህራን ሥራቸውን አልበደሉም፤ የታዘዙትን ጽፈዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። አንዱ ስለ ሀገር ገበያ ይነግረዋል፤ ሌላው ወደፊት ስለሚያቋቁመው ድርጅት ይነግረዋል። ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት በኪሱ ሰባት መቶ ብር ብቻ ስላለው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚናገር ገጽ ግን በሁለቱም ውስጥ የለም።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ማን ነው? ባንኮችና የስልክ ገንዘብ አገልግሎቶች ናቸው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ባወጣው ሁለተኛው የፋይናንስ አካታችነት ስትራቴጂ ሕዝቡ ስለ ገንዘብ አያያዝ እንዲማር ታስቧል፤ ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ግን ትምህርቱን ሒሳብ የሚከፍተው ወገን ሲሰጠው መለኪያው «ስንት ተማሪ ተማረ?» መሆኑ ቀርቶ «ስንት ሒሳብ ተከፈተ?» ይሆናል። ነጋዴ ስለ ዕቃው ቢያስተምር አይፈረድበትም፤ የሚፈረደው ሌላ መምህር ባላስቀመጠው ላይ ነው።

«እንግዲያው አንድ ኮርስ ይጨመርና ይለቅ» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ዓለም የደረሰበትን ማየት ይጠቅማል። በብዙ አገሮች የሰው የገንዘብ ዕውቀት የሚመዘነው በሦስት ጥያቄዎች ነው፤ አንዱ ስለ ወለድ፣ አንዱ ስለ ዋጋ ንረት፣ አንዱ ገንዘብን በአንድ ቦታ ብቻ ስለማስቀመጥ አደጋ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፈርናንዴስ፣ ሊንችና ኔትሜየር የተባሉ ተመራማሪዎች ከሁለት መቶ በላይ የሚሆኑ ቀዳሚ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ሰዎች በገንዘባቸው ከሚያደርጉት ልዩነት ውስጥ በትምህርቱ የሚገለጸው ከአንድ ሺህ አንዱ ብቻ ሆኖ አገኙት። የተማረውም እየዋለ ሲያድር ይረሳል። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ካይዘር፣ ሉሳርዲና ባልደረቦቻቸው 76 የሙከራ ጥናቶችን መዝነው ትምህርቱ ጠቃሚ ውጤት እንዳለው አሳይተዋል። ክርክሩ አልተዘጋም። ቢሆንም ለጥያቄ ትክክል መመለስ አንድ ነገር፣ ብርን በኪስ ይዞ ከሱቅ ደጃፍ ማለፍ ሌላ ነገር መሆኑን ሁለቱም ወገኖች ይቀበሉታል። ሲጋራ ጎጂ መሆኑን ከሐኪም በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሚያጨስ ሐኪም ግን አይጠፋም።

ታዲያ ሰው ያለውን ሳይጨርስ እንዲያቆይ የሚያደርገው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የቆየ መልስ አለ። አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ ከግቢው ወጥተን ወደ መንዝ ደጋ እንውጣ።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ብርዳም አምባ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው። ያ ሣር ለመንዝ ገበሬ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ በድርቅ ጊዜም የከብት ነፍስ ማትረፊያ ነው። ዛሬ የውጭ አገር ሰዎች ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ይመጡበታል። እነርሱ ለአውሬው ሲሉ የሚያደንቁት አምባ ግን የቆየው ለሣሩ ሲባል ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ የሚነገር «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት ነበረው። (ቃሉን ከቅርቡ ዘመን የወጣቶች ስያሜ ጋር እንዳታምታቱት፤ ይህ የመንዝ ሣር ጠባቂዎች ሥርዓት ነው።) የአካባቢው ባለመብቶች «አባ ቄራ» የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። አምባው ይዘጋል፤ ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት ማንም አያጭድበትም፣ ከብት አይነዳበትም። ወንዱ ሁሉ በተራ ወጥቶ ይጠብቃል፤ ከጥበቃ የቀረ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስና ሕዝቡ ሲቸገር አባ ቄራው ቀኑን ለሁሉም ያስታውቃል፤ በበጋው መካከል አምባው ይከፈታል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲመጣ ተመልሶ ይዘጋል።

ይህን ነገር ደጋግማችሁ አስቡት። የመንዝ ገበሬ ሣር ማቆየት ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ሥልጠና አላስፈለገውም፤ ያውቃል። ዕውቀቱን ግን አላመነውም። በሬው ሲራብ፣ ጣራው ሲያፈስ ዕውቀት ብቻውን እንደማይገታው ተረድቶ በራሱ ላይ በር ሠራ። በሩን የሚዘጋ ሰው መረጠ፤ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድሞ ወሰነ፤ ጎረቤቱ እንዲያየው አደረገ። በር፣ ቀንና ምስክር ማለት ይህ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ አንዳቸውም በግለሰቡ ጭንቅላት ውስጥ የሚኖሩ አይደሉም። የገንዘብ አያያዝ ሥልጠናዎቻችን ግን ጭንቅላቱን ብቻ ይዘው ይሟገታሉ። «ቆጥብ፣ አቅድ፣ ቅድሚያ ስጥ» ይሉታል፤ ማን እንደሚዘጋለት፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚያይ አይነግሩትም።

የቄሮውን ሥርዓት ስናመሰግን ጉድለቱን አንሸፍን። መብቱ በትውልድ ነበር፤ ከአስቦና ከጌራ የዘር ሐረግ የማይቆጠር ድሃ በዚያ ሣር ላይ ድርሻ አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ አምባውም ለጊዜው ጠባቂ አጣ። ሕዝቡ በኋላ በኮሚቴ መልክ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ ዛሬም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። በሩ በጠፋ ጊዜ ሣሩ እንደተጎዳ፣ በሩ ሲመለስ ሣሩ እንዳገገመ አዛውንቶቹ ያውቁታል።

ይህ የገበሬ ጥበብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በደቡብ አሜሪካ በቺሌ ካስት፣ ማየርና ፖሜራንዝ የተባሉ ተመራማሪዎች አነስተኛ ነጋዴዎችን በቡድን ከፍለው ሞከሩ። ለአንዱ ወገን የቁጠባ ወለዱን ከፍ አደረጉለት። ሌላው ወገን ግን በጓደኞቹ ፊት ምን ያህል እንደሚቆጥብ እንዲናገርና በየጊዜው እንዲታይ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጽሑፋቸው እንደሚለው፣ በጓደኛ ፊት የቆጠቡት ገንዘብ የማስገቢያቸው ብዛት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ፤ የወለዱ መጨመር ግን ለአብዛኞቹ ምንም ለውጥ አላመጣም። ወለድ ከሌለ ማን ይቆጥባል እያሉ የሚከራከሩንን ሰዎች ይህን ውጤት ባነበብን ቁጥር ብናስታውሳቸው አይከፋም።

አሁን ከአምባው በስተምሥራቅ ቁልቁል እንውረድ። ኤፍራታና ግድም፣ አንጾኪያ፣ ቀወት፤ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከፍ ሲልም ከሚሴ። ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ የሚኖርበት ቆላ ነው። ልጆቹ ደብረ ብርሃን፣ ወሎ፣ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ርቀው ይማራሉ። ዱሮ አባት ልጁን ለትምህርት ሲሸኝ ፍየሏን አብረው ወደ ገበያ ይነዷት ነበር። ልጁ ገመዷን ይዞ ይሄዳል፤ ዋጋ ሲቆረጥ ይሰማል፤ ገንዘቡ ምን እንደነበረ ያውቃል። ዛሬ አንድ ኩንታል ማሾ ይሸጥና ገንዘቡ በስልክ ይላካል። ልጁ ዘንድ የሚደርሰው አንዲት አጭር መልእክት ናት፤ ቁጥርና ቀሪ ሒሳብ ብቻ። ማሾውን ያረመችው እናት፣ ለመድኃኒት ታስቦ የነበረው ብር ወደ እርሱ መዞሩ በመልእክቷ ውስጥ አይጻፍም። እኛ ወላጆችም አንነግረውም፤ «ልጁ እንዳይሳቀቅ» እንላለን። ልጁም የገንዘቡን ክብደት ሳያውቅ ቢያቀልለው ይገርማል?

በአጣዬና በአካባቢዋ ያሉ ቤተሰቦች በ2013 ዓ.ም. ከደረሰው ጥፋት ወዲህ በሣጥን ያለ ብር በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃሉ። እንዲህ ካለ ቤት የሄደ ልጅ በግቢ ውስጥ የሚያወጣው እያንዳንዱ ብር የቤቱ ታሪክ አለበት። ታሪኩን መንገር ማሳቀቅ አይደለም።

ቁጥሩን እንየው። ለአንድ ተማሪ በወሩ መጀመሪያ 3,000 ብር ይላክለታል እንበል። በቀን 100 ብር ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት በቀን 180 ብር ካወጣ፣ 1,800 ብር ሄደ፤ ለቀሪው ሃያ ቀን 1,200 ብር፣ ማለትም በቀን 60 ብር ይቀረዋል። ብድር የሚጀምረው እዚህ ነው። ያንኑ ገንዘብ አባት በየዐሥር ቀኑ 1,000 ብር አድርጎ ቢልክለት ግን ጓሳው ሦስት ጊዜ ይከፈታል፣ ሦስት ጊዜ ይዘጋል። የሚጠይቀው ጥቂት የስልክ ንክኪ ነው፤ ይህን የሚያደርጉ አባቶች አሉ፤ ኮርስ አልወሰዱም። በሦስተኛው ዓመት ግን በሩን ለልጁ ማስረከብ ይገባል፤ አለዚያ ሲመረቅ የመጀመሪያ ደሞዙን በአሥር ቀን ይጨርሰዋል።

ዶርም ውስጥ ዕቁብ የሚጥሉ ተማሪዎችም አሉ። አሥር ሆነው በወር 300 ብር ቢያዋጡ፣ በየወሩ ለአንዱ 3,000 ብር ይደርሰዋል፤ አሥሩ ወር ሲያልቅ የትምህርት ዓመቱም ያልቃል። ወለድ የለበት፣ ባንክ የለበት፣ በር አለው፣ ቀን አለው፣ ምስክርም ዘጠኝ ሰው ነው። እንደ ቄሮው ሁሉ ግን ይህም የሚያገልለው ሰው አለ፤ ቤተሰቡ ምንም የማይልክለት ተማሪ። ለእርሱ «ቆጥብ» ብሎ ማስተማር ሹፈት ነው። የእርሱ ጉዳይ የቁጠባ ሳይሆን የዘካና የወንድማማችነት ጉዳይ ነው፤ ይህንንም የግቢው ጀመዓ ሳይቀሰቀስ ሊያውቀው ይገባል።

ወደ ዕዳ እንለፍ፤ ትምህርቱ እጅግ የሳሳበት እዚህ ነውና። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ሥርዓቱ የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነ ድርሻ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ ይከፍላል፤ ቢያንስ ከወር ገቢው አንድ አሥረኛው ይቆረጣል። እስኪከፍል ድረስ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ አይወስድም። ይህ ዕዳ ነው። ብዙው ተማሪ ግን እንደ መመዝገቢያ ወረቀት ቆጥሮ ይፈርመዋል፤ ወላጅም «መንግሥት ያስተምረዋል» ይላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሰላተል ጀናዛ ሊሰግዱ ሲሉ «ሟቹ ዕዳ አለበትን?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር፣ ለጥቂት ዲናር ዕዳ ሲሉ መስገዱን ለባልደረቦቻቸው ትተው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እስኪወስድ መጠበቃቸውን እናውቃለን። እንግዲያው የልጃችን ስም በየዓመቱ የሚፈረምበት ዕዳ ስንት እንደደረሰ አለመጠየቃችን እንዴት ይታያል?

ሁለተኛው ዕዳ በስልክ የሚመጣው ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶች ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። ዋስ አያስፈልግም፣ ፊት ለፊት የሚያይ ሰው የለም፤ እኩለ ሌሊት ላይ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ መበደር ይቻላል። ለቸገረው ነጋዴ እፎይታ ነው፤ አልክድም። ለተማሪ ግን ከበሩም ከቀኑም ከምስክሩም ነፃ የሆነ ገንዘብ ነው። ክፍያው በጊዜ ርዝመት የሚጨምር ከሆነም ስሙ «የአገልግሎት» ቢባልም ሪባ መሆን አለመሆኑን ዑለማን መጠየቅ ግዴታ ነው። ሦስተኛው ዕዳ ጓደኛ ከጓደኛ የሚበደረው ነው፤ በይሉኝታ አይጻፍም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በሱረቱል በቀራ ያለው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ማስመስከር መሆኑን ልጆቻችን በቃላቸው ያውቁታል። ሃምሳ ብር ሲያበድሩ ግን ወረቀት ማውጣት ያፍራሉ። በግቢ ውስጥ በገንዘብ የተጣሉ ጓደኛሞች ስንት እንደሆኑ የሚያውቁት ዶርም ያደሩት ናቸው።

የራሳችንን የሙስሊሞችን ታሪክም እንመርምር። ወለድን ሸሽተን ከባንክ ራቅን፤ መሸሻችን ትክክል ነበር። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክም ተከተለው። ከዚያ በፊት ባሉት ብዙ ዓመታት ግን ከወለድ ብቻ ሳይሆን ከደብተሩም ራቅን። ገቢና ወጪ መጻፍ የባንክ ነገር መሰለን። በዚያ ዘመን ያደጉ አባቶች ዛሬ ልጆቻቸውን ሒሳብ ያዙ ሲሉ የሚያሳዩአቸው የራሳቸው ደብተር የላቸውም።

ስለ ዋጋ ንረትም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. ንረቱ በዓመት ከመቶ ሠላሳ በላይ ነበር። በመቶ ሠላሳ እንኳ ብናሰላው፣ በቤት የተቀመጠ 1,000 ብር ከዓመት በኋላ የመግዛት አቅሙ ወደ 770 ብር ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከመቶ ሰባት ነበር፤ ወለድ የበላውም ቢሆን የቀረው 823 ብር ገደማ ነው፤ ሐራሙን በልቶ እንኳ ከኪሳራ አልዳነም። ይህን ስሌት የቁርኣን ትምህርት ቤቶቻችን ለትልልቆቹ ደረሶች ቢያሠሩት ስለ ሪባ ከሚደረገው ረጅም ስብከት ጎን ጥሩ ቦታ ይይዛል። ገንዘብን ወደ ሥራና ወደ ንብረት ማስገባት፣ በትርፍና ኪሳራ መጋራት ማስቀመጥ ለምን እንደሚሻል ልጁ ራሱ ይደርስበታል።

ለሒሳብ አያያዝስ ከዘካ የተሻለ መምህር ከየት ይመጣል? ዘካ ለማውጣት ሰው በጨረቃ አቆጣጠር አንድ ቀን ወስኖ ያለውን ሁሉ ይቆጥራል፤ የተበደረውን፣ ያበደረውን፣ በእጁ ያለውን ይለያል፤ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ጋር ያስተያያል። ይህ የዓመት የሒሳብ መዝጊያ ነው። ተማሪው ኒሷብ ሊሞላ ቀርቶ ሩቡም ላይደርስ ይችላል። ቢሆንም ቀኑን ይዞ ቢቆጥር፣ ሀብቱ ከዕዳው ቢያንስም ቢበልጥም ቁጥሩን በጽሑፍ ቢያይ፣ ሥራ የያዘ ዓመት ዘካው ግራ አያጋባውም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ለዕረፍት ሲመጣ አንድ ምሽት የቤቱን ገቢና ወጪ አብራችሁ ጻፉ። ማሾው ስንት አወጣ፣ ሠራተኛ ስንት በላ፣ ለእርሱ ስንት ተላከ። ከዚያ የወጪ መጋራቱን ውል ግልባጭ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። በእጁ ላይኖር ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ግን አለ።